አንድ አሰልጣኝና አንድ የሲሚንቶ ክብ
የካናዳዊው መዶሻ ወርዋሪ መንገድ ለደሴና ለኮምቦልቻ ምን ያሳያል?

መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ኢታን ካትዝበርግ የተባለ የ23 ዓመት ካናዳዊ 7.26 ኪሎግራም የሚመዝን የብረት ኳስ 84 ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር አሽቀንጥሮ ለሁለተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከእሱ አስቀድማ የአገሩ ልጅ ካምሪን ሮጀርስ በሴቶች መዶሻ ውርወራ 80.51 ሜትር አስመዝግባ ወርቁን ወስዳለች። በዚያው ሻምፒዮና ኢትዮጵያ ሁለት ብርና ሁለት ነሐስ ይዛ ያለ አንድም ወርቅ ተመለሰች።

ወርቁ ሲጠፋ ሁሉም ሰው የጠየቀው “ሩጫችን ምን ነካው?” ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን አጠገቡ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከሩጫ ውጭስ ምን አለን? የቶኪዮዎቹ አራት ሜዳሊያዎች የተገኙት ከማራቶን፣ ከ10 ሺህ ሜትርና ከ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ የአገሪቱን የኦሎምፒክና የዓለም ሻምፒዮና ታሪክ በሙሉ ለሚያገላብጥ ሰውም ውጤቱ ያው ነው፤ ከ800 ሜትር ባነሰ ርቀት፣ በዝላይም ሆነ በውርወራ የተገኘ አንድም ሜዳሊያ የለም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር በአትሌቲክስ የምትኖረው ጣት ላይ በሚቆጠሩ ርቀቶች ነው። እነዚያ ርቀቶች አንድ ሳምንት ፊታቸውን ሲያዞሩ ባዶ እጅ የሚያስቀር አሠራር ነው ማለት ነው።

የካትዝበርግ ታሪክ ለዚህ ክርክር የሚጠቅመው፣ እሱም ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በመዶሻ ውርወራ ስሟ ከማይነሳ አገር ስለወጣ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ካገኘችው የብር ሜዳሊያ በኋላ በዚህ ውድድር ኦሎምፒክ ላይ ሌላ ሜዳሊያ ያየችው በፓሪስ 2024 ነው፤ ከ112 ዓመት በኋላ። ያን ጊዜ ግን የመጣው አንድ ሜዳሊያ ሳይሆን የወንዶቹም የሴቶቹም ወርቅ ነበር።

ከናናይሞ እስከ ካምሉፕስ

ካትዝበርግ የተወለደው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2002 በምዕራብ ካናዳ ናናይሞ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። ወደ መዶሻው ያስገባው ቤተሰቡ ነው፤ አባቱ አሰልጣኝ፣ እህቱ ወርዋሪ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደ ካምሉፕስ ሄደ። ካምሉፕስ አንድ መቶ ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላት፣ በሕዝብ ብዛት ከደሴ የምታንስ ከተማ ናት። ትልቅ ስታዲየም ኖሯት አይደለም የሄደባት። የሄደው ዲላን አርምስትሮንግ የተባለ አሰልጣኝ እዚያ ስላለ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ሆነ። ካትዝበርግ እ.ኤ.አ. በ2023 ቡዳፔስት ላይ በ81.25 ሜትር ሲያሸንፍ 21 ዓመቱ ነበር፤ በወንዶች መዶሻ ውርወራ በዕድሜ ትንሹ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በፓሪስ ኦሎምፒክ 84.12 ሜትር ሲወረውር ሁለተኛ የወጣው ሃንጋሪያዊ ቤንሴ ሃላስ 79.97 ላይ ቀርቷል። በመዶሻ ውርወራ የኦሎምፒክ ወርቅ በአራት ሜትር ልዩነት መወሰኑ የተለመደ ነገር አይደለም።

ካትዝበርግን ብቻ አይቶ “ተፈጥሮ ያደለችው ልጅ” ብሎ ማለፍ ይቻላል። አርምስትሮንግን ማን አሰለጠነው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል።

አናቶሊ ቦንዳርቹክ በዩክሬን የተወለደ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ ለሶቪየት ኅብረት የመዶሻ ውርወራ ወርቅ ያመጣ ሰው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሞንትሪያል ላይ እሱ ነሐስ ሲያገኝ ወርቁን የወሰደው ራሱ ያሰለጠነው ዩሪ ሴዲክ ነበር። ሴዲክ በሞስኮ 1980 ወርቁን ደገመው፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 1986 ደግሞ ሽቱትጋርት ላይ 86.74 ሜትር ወረወረ። ስለዚያ ዘመን ውጤቶች የዶፒንግ ጥርጣሬ ዛሬም ቢነሳም ክብረወሰኑን እስካሁን የሰበረው የለም። ቦንዳርቹክ በስተርጅና ወደ ካናዳ ተሻግሮ ካምሉፕስ ላይ ተቀመጠ። እዚያ አርምስትሮንግን ለአሎሎ ውርወራ አሰለጠነው። አርምስትሮንግ በቤጂንግ 2008 በአንድ ሳንቲሜትር ተቀድሞ አራተኛ ወጣ፤ ከፊቱ የነበረው ቤላሩሳዊ በዶፒንግ ሲሰረዝ ነሐሱ ከዓመታት በኋላ ደረሰው። ውድድር ሲያቆም ከከተማው አልወጣም። የተማረውን ይዞ አሰልጣኝ ሆነ።

እንግዲህ ሰንሰለቱ ይህ ነው፤ ከኪየቭ ወደ ካምሉፕስ፣ ከቦንዳርቹክ ወደ አርምስትሮንግ፣ ከአርምስትሮንግ ወደ ካትዝበርግ። ካናዳ አንድ አዋቂ አንድ ቦታ ላይ ረግቶ እንዲቀመጥ አደረገች፤ ዕውቀቱ በሁለተኛው ትውልድ ወርቅ ሆኖ ወጣ። የሮጀርስም መንገድ ከዚህ አይርቅም። በ12 ዓመቷ በሰፈሯ ክለብ ጀመረች፤ ከዚያ በውርወራዋ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝታ በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተማረች።

ጉልበት ብቻ የማይፈታው ሥራ

መዶሻ ውርወራን በቴሌቪዥን ያየ ሰው የግዙፎች ጨዋታ ይመስለዋል። በኮምቦልቻ አካባቢ ባለው ቃሉ ወረዳ የማሽላ ማሳ ማማ ላይ ቆሞ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ግን ምስጢሩን ከማንም በፊት ይረዳዋል፤ በወንጭፍ ድንጋዩን የሚያርቀው የክንድ ጡንቻ ሳይሆን የመሽከርከሩ ፍጥነትና የሚለቀቅበት ቅጽበት ነው። መዶሻውም ሽቦ የታሰረበት የብረት ኳስ እንጂ እጀታው እንጨት የሆነ የአናጢ መዶሻ አይደለም። ወርዋሪው 2.135 ሜትር ስፋት ባለው የሲሚንቶ ክብ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ጊዜ በተረከዙና በጣቱ ላይ ይሽከረከራል። ከ80 ሜትር በላይ የሚሄድ መዶሻ ከእጅ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎሜትር ያልፋል፤ በዚያች ቅጽበት ሽቦው ሰውየውን ከ300 ኪሎግራም ክብደት በሚበልጥ ኃይል ወደ ውጭ ይጎትተዋል። ይህን ጉተታ በእግርና በወገብ ተሸክሞ ሚዛን ሳይስቱ መዞር ነው ትልቁ ጥበብ።

እንዲህ ያለውን እንቅስቃሴ ሰውነት ያለ ዓመታት ድግግሞሽ አይለምደውም። ቦንዳርቹክ የሚታወቀው ሠልጣኞቹን በተለያየ ክብደት መዶሻዎች፣ ከውድድሩ በሚከብዱም በሚቀሉም፣ ደጋግሞ በማስወርወር ነው። ይህን የሚጽፍ፣ የሚለካ፣ የሚያርም ዓይን ያስፈልጋል። ሯጭ በገጠር መንገድ ብቻውን ሮጦ የሆነ ደረጃ ሊደርስ ይችላል። መዶሻ ወርዋሪ ግን ስህተቱን የሚያይለት ሰው ከሌለ ስህተቱን ነው የሚያጠነክረው።

አፍሪካ ያየችው

ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ብቻ የሚሠራ ነው የሚል ካለ ግብፅን ይመልከት። ሙስጠፋ ኤል ጋሜል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ካይሮ ላይ መዶሻውን 81.27 ሜትር ወርውሯል። ቡርኪናፋሶ በውርወራ ባይሆንም ሜዳ ላይ ከሩጫ ውጭ ባለ ውድድር ተሳክቶላታል፤ ሁግ ፋብሪስ ዛንጎ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በሦስትዮሽ ዝላይ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ካመጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ለኢትዮጵያ በጣም የሚቀርበው ግን የኬንያው ጁሊየስ ዬጎ ነው። በሯጮች በሚታወቀው ናንዲ ተወልዶ ጦር ውርወራን የተማረው የታላላቆቹን ቪዲዮ በዩቲዩብ እየተመለከተ ነው። በኋላ ፊንላንድ ሄዶ የመሠልጠን ዕድል አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ቤጂንግ ላይ 92.72 ሜትር ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን፣ በሪዮ 2016 ደግሞ የብር ባለቤት ሆነ። ታሪኩ ያስደስታል። ግን ጎዶሎ ጎንም አለው። ከዬጎ ወዲህ ኬንያ ሌላ የዓለም ሻምፒዮን ጦር ወርዋሪ አላወጣችም። አንድ ድንቅ ሰው በራሱ ጥረት በሩን ከፈተ፤ ከኋላው ተከትሎ የሚገባ ግን አልተዘጋጀም። ካምሉፕስ ከዚህ የምትለየው ዕውቀቱን ለተከታይ ለማስተላለፍ የቆመ ሰው ስለነበራት ነው።

የአስተዳደር ጉዳይም አለ። በቶኪዮ ኦሎምፒክ ዋዜማ አሥር የናይጄሪያ አትሌቶች በቂ የዶፒንግ ምርመራ አልተደረገላቸውም ተብለው ከውድድሩ ታግደዋል። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። ከመካከላቸው አንዷ የመዶሻ ወርዋሪዋ አኔት ኤቺኩንዎኬ ነበረች። ከዚያ ለአሜሪካ መወዳደር ጀምራ በፓሪስ የብር ሜዳሊያ ወሰደች። ወርዋሪ ማፍራት አንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱን በጊዜው አሟልቶ ማሰለፍም የዚያኑ ያህል ነው።

አንድ ቁጥር ደግሞ ለደጋማው ምሥራቅ አፍሪካ ልዩ ትርጉም አለው። ካትዝበርግ በኦሎምፒኩ ዓመት በሚያዝያ ወር 84.38 ሜትር የወረወረው ናይሮቢ ላይ ነው፤ ፓሪስ ላይ ወርቅ ካስገኘለት ውርወራ የሚበልጥ። ናይሮቢ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። አየሩ ሲሳሳ መዶሻውን የሚገታው ግፊት በጥቂቱ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ትገኛለች። ከፍታችን ለሩጫ ብቻ የተሰጠን ስጦታ አድርገን ስናየው ኖረናል።

ከተንታ የወጣው ምስክር

ደሴና ኮምቦልቻ ያሉበት ደቡብ ወሎ ስለ ቴክኒክ ውድድር ሲነሳ ባዶ እጁን አይደለም። ሶፊያ አሰፋ የተወለደችው ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ተንታ ወረዳ ነው። በለንደን 2012 ኦሎምፒክ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ሦስተኛ ወጣች፤ ሩሲያዊቷ አሸናፊ በዶፒንግ ስትሰረዝ ሜዳሊያዋ ወደ ብር ከፍ አለ። በቀጣዩ ዓመት ሞስኮ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮናም ነሐስ አግኝታለች።

የሶፊያ ውድድር ሩጫ ነው፤ ግን ሩጫ ብቻ አይደለም። 28 መሰናክልና ሰባት የውሃ ጉድጓድ አለበት። እርምጃን መለካት፣ በሁለቱም እግር መዝለል፣ ሲደክሙም ቅርጽን አለማበላሸት ያስፈልጋል። ለረጅም ዘመን ይህ ውድድር የኬንያውያን ርስት ተደርጎ ይታይ ነበር። ኢትዮጵያ በሞስኮ 1980 እሸቱ ቱራ ነሐስ ካመጣ በኋላ እስከ ሶፊያ ድረስ በኦሎምፒክ መሰናክል ሜዳሊያ አላየችም፤ 32 ዓመት። እሸቱ ቱራ ግን ውድድር ሲያቆም አሰልጣኝ ሆኖ ለብሔራዊ ቡድኑ ሠርቷል። ሴዲክ መዶሻውን ወርውሮ ወርቅ በወሰደበት ኦሎምፒክ ነሐስ ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ እንደ ቦንዳርቹክ ዕውቀቱን ይዞ ከሜዳው ዳር ቆመ ማለት ነው።

ከሶፊያ ወዲህ ያለው ዝርዝር ረጅም ነው። ለሜቻ ግርማ በዶሃ 2019 ወርቁን በሰከንድ አንድ መቶኛ አጣ፤ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ብር ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ፓሪስ ላይ በ7:52.11 የዓለም ክብረወሰን ሰበረ። ወርቅውሃ ጌታቸው በኦሬገን 2022 በ8:54.61 ብር፣ መቅደስ አበበ በዚያው ውድድር ነሐስ አገኙ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በቶኪዮ ከተገኙት አራት ሜዳሊያዎች አንዱ የሲምቦ አለማየሁ የመሰናክል ነሐስ ነው። “የኛ አይደለም” የተባለ ውድድር በአሥር ዓመት ውስጥ የኛ ሆነ። የሰው ተፈጥሮ በአሥር ዓመት አይለወጥም፤ የተለወጠው ሥልጠናው ነው።

ሐረጎን ወርዶ

ደሴና ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የተያያዙ፣ 25 ኪሎሜትር ያህል የሚራራቁ ከተሞች ናቸው። በመካከላቸው ያለው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር ያላነሰ ነው። ደሴ ላይ ኳስ የሚያውቀው ሆጤ ሜዳ፣ ወይዘሮ ስህንን የመሰሉ ነባር ትምህርት ቤቶች፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ አሉ። ኮምቦልቻ ላይ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ይገኛሉ። በተንታም የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ።

ይህ ዝርዝር ከካምሉፕስ ጋር ሲነጻጸር የጎደለው የሚመስለውን ያህል አይደለም። መዶሻ ለመሥራት ብረት፣ ሽቦና የማሽን ባለሙያ ይበቃል፤ ሦስቱም ኮምቦልቻ ውስጥ አሉ። የውርወራ ክብ ትንሽ የሲሚንቶ ሥራ ነው። ከበድ የሚለው ወርዋሪውን የሚከልለው የመረብ አጥር ነው፤ እሱም ምሰሶና ጠንካራ መረብ እንጂ ከውጭ ካልመጣ የማይሠራ ምስጢር አይደለም። የሌለው ሰው ነው፤ መዶሻ ውርወራን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከክቡ ውስጥ የሚያውቅ፣ አሥር ዓመት ከቦታው የማይነቃነቅ አሰልጣኝ።

እርግጥ መዶሻ ውርወራ እዚህ ይጀመር ሲባል የሚነሱት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። መዶሻ ውርወራ በዳይመንድ ሊግ ውስጥ የለም፤ እንደ ጎዳና ሩጫ በየሳምንቱ ሽልማት አይገኝበትም። ለድሃ ቤተሰብ ልጅን ወደ ማራቶን መስደድ የሚያዋጣ ይመስላል። ሆኖም ከሺህ ሯጮች መካከል ዱባይ ወይም በርሊን ላይ የሚሸለሙት ስንት ናቸው? በሩጫ በር ላይ የተሰለፈው ወጣት ብዛት አስፈሪ ነው። በውርወራው ግን ሰልፉ አጭር ነው፤ እንደ ሮጀርስ በውርወራ የዩኒቨርሲቲ በር ማስከፈትም ይቻላል። የሚጨመረው መንገድ ነባሩን ሩጫ አይቀንስበትም።

ሁለተኛው የሰውነት ጉዳይ ነው። “የወሎ ልጅ ቀጭን ነው” ይባላል። የትኛው የወሎ ልጅ? መልማዮች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ሯጭ ፍለጋ ስለሆነ ትከሻው የሰፋውን፣ እግሩ የፈረጠመውን ልጅ አይተው ያልፉታል። የሴቶች መዶሻ 4 ኪሎግራም ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ሴቶች 3፣ ለወንዶች 5 ኪሎግራም ነው። የሚጀመረው በ7.26 አይደለም። በተለይ በሴቶች በኩል ውድድሩ ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ2000 ስለሆነ ታሪኩም አጭር ነው።

ሦስተኛው አደጋው ነው፤ ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። መዶሻ ሣር ይቆፍራል፣ ካመለጠም ሰው ይገድላል። ሆጤን በመሰለ ኳስ ተጫዋች የሞላበት ሜዳ ላይ መዶሻ መወርወር የለበትም። ለብቻው የተከለለ፣ አጥር ያለው፣ ሰዓቱ የተለየ መወርወሪያ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚመቸው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ መሬትና ጥበቃ አለው፣ የስፖርት ሳይንስና የምህንድስና ተማሪዎቹም ከሥራው ይማሩበታል።

አራተኛው የአካባቢው ቁስል ነው። ሁለቱ ከተሞች በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር መጨረሻ ገደማ በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው ኅዳር 27 እስኪለቀቁ ድረስ ፋብሪካና ትምህርት ተቋም ተዘርፏል፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም ከተጎዱት አንዱ ነበር። ላቦራቶሪው ባልተሟላበት መዶሻ ምን ይሠራል የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ ስፋቱን በማወቅ ይገኛል። የሚጠየቀው ስታዲየም አይደለም፤ አንድ ክብ፣ አንድ መረብ፣ ጥቂት መዶሻ፣ ለወርዋሪዎቹ በቂ ምግብና አንድ ደመወዝ ነው። ጦርነት ያየ ወጣት ደግሞ በየቀኑ የሚሄድበት፣ ውጤቱ በሜትር የሚለካለት ቦታ ማግኘቱ ተራ ነገር አይደለም።

የቀን መቁጠሪያው ምን ይላል?

የሎስ አንጀለስ 2028 ኦሎምፒክ ለዚህ እቅድ ቀርቧል። የብሪዝበን 2032 ግን አልቀረበም። ዛሬ ወይዘሮ ስህን ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ በ14 ዓመቷ መዶሻ የምትጀምር ልጅ ያን ጊዜ 20 ወይም 21 ዓመቷ ይሆናል፤ ካትዝበርግ ቡዳፔስት ላይ ያሸነፈበት ዕድሜ ነው። ለመድረስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እርምጃዋን፣ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ርቀቷን፣ ከዚያም የአፍሪካ ወጣቶች መድረክን ማየት አለባት። ሜዳሊያ ባታመጣ እንኳ ብሔራዊ ክብረወሰን የያዘችና በተራዋ አሰልጣኝ የምትሆን ሴት ትወጣለች፤ ቦንዳርቹክ ለካምሉፕስ፣ እሸቱ ቱራ ለመሰናክሉ የሆኑትን ልትሆን የምትችል።

ሥራው የሚከፋፈል ነው። የአማራ ክልል አትሌቲክስ ፌዴሬሽን አሰልጣኙን ፈልጎ ውጭ አስተምሮ መመለስ ይችላል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ መሬቱን፣ የኮምቦልቻው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መዶሻውንና መረቡን መሥራት ይችላል። የዞኑ ስፖርት ጽሕፈት ቤት በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ከአሎሎና ከዲስከስ ጎን መዶሻን ጨምሮ ልጆቹን መለየት ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው ግን አሰልጣኙ ነው፤ ክቡ ተሠርቶ አሰልጣኙ ካልመጣ ኬንያ ከዬጎ በኋላ የቆመችበት ቦታ ላይ መቆም ይሆናል። የ2019 ዓ.ም. በጀት ዓመት ሐምሌ ላይ ይጀምራል። ከዚያ በፊት በሚጸድቀው የስፖርት በጀት ውስጥ የአንድ የውርወራ አሰልጣኝ የአሥር ዓመት ቅጥር መኖሩና አለመኖሩ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ለብሪዝበን በጊዜ መጀመር አለመጀመራቸውን ይወስነዋል።